ለጉዳይ ስትወጡ ልጆቹን አስከትሉ

ለልጆቻችን አንድ ትልቅ ቀን እንቀጥራለን። ደመወዝ ሲጨመር፣ የዓመት ፈቃድ ሲገኝ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐዋሳ እንወስዳቸዋለን፤ ላንጋኖ ወስደን እናሳድራቸዋለን እንላለን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጆቹም ይገባቸዋል። ያ ቀን እስኪደርስ ግን ሳምንቱ በተራ ጉዞዎች የተሞላ ነው፤ ወፍጮ ቤት፣ ጉሊት፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የታመመ ዘመድ ጥየቃ፣ ጋራዥ የቆመ መኪና። ልጅ አባቱ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ፣ እናቱ በዋጋ እንዴት እንደምትከራከር፣ ሁለቱም ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርጉ የሚያየው በእነዚህ ጉዞዎች ነው። ይህን ካመንኩ ቆይቻለሁ፤ አምሮና ተውቦ ተሠርቶ ያየሁት ግን በአንድ የልጆች አኒሜሽን ውስጥ ነው። ወድጄዋለሁ፤ እናንተም እንድትወዱት እፈልጋለሁ።

ተከታታዩ «ብሉዪ» ይባላል። የአውስትራሊያ ሥራ ነው። ፈጣሪው ጆ ብረም የሁለት ሴት ልጆች አባት ሲሆን፣ ፊልሙን ያዘጋጀው በብሪዝበን ከተማ የሚገኘው ሉዶ ስቱዲዮ ነው። በአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን በኤቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ነው። አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስዳል። ታሪኩ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ስንተዋወቃት የ6 ዓመት ልጅ የሆነችው ብሉዪ፣ የ4 ዓመቷ ታናሽ እህቷ ቢንጎ፣ አባታቸው ባንዲት፣ እናታቸው ቺሊ። ሁሉም ውሾች ናቸው፤ በአውስትራሊያ ከብት በመንዳት የሚታወቀው ዝርያ። አባት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ነው፤ እናት በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ትሠራለች። ቤታቸው በብሪዝበን እንደተለመደው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በረንዳው ሰፊ የእንጨት ቤት ነው።

አስማት የለም፤ ክፉ ጠላት የለም፤ ዓለምን የሚያድን ጀግናም የለም። ቤተሰቡ ቆሻሻ ሊጥል ይሄዳል። ገበያ ይወጣል። ከቤት ዕቃና ከግንባታ መሣሪያ መደብር ይገባል። ወንዝ ዳር ይወርዳል። ይኸው ነው። ይህን «ይኸው» በ2024 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን በኢንተርኔት በሚተላለፉ የቴሌቪዥን አገልግሎቶች ከሌላው ፕሮግራም ሁሉ አብልጠው አዩት፤ ኒልሰን የተባለው የተመልካች ልኬት ድርጅት የቆጠረው ከ55 ቢሊዮን ደቂቃ በላይ ነው። ያን ያህል ደቂቃ ልጆች ብቻቸውን አላዩትም። ወላጆችም አብረው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጭምር።

ወደ ልቤ የገባው ክፍል የተገዛ ምግብ ስለመጠበቅ የሚያወራው ነው። ባንዲት ሁለቱን ልጆች ይዞ ከቻይና ምግብ ቤት የታዘዘ እራት ሊወስድ ይመጣል። ከታዘዘው ውስጥ ስፕሪንግ ሮሉ ተረስቷል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቅ ይባላል። አምስት ደቂቃ ምን አላት? በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ቧንቧ ይከፈታል፣ ቢንጎ ሽንቷ ይመጣል፣ በእጅ የተያዘው እራት ይበላሻል፣ አባት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሮጥ ላብ ያጠምቀዋል። ልጅ ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በመጨረሻ ከምግቡ ጋር የመጣውን፣ ውስጡ የምክር ወረቀት ያለበትን ብስኩት ይሰብርና ያነባል። ወረቀቱ ልጅነት አንዴ ካለፈ እንደማይመለስ የሚያስታውስ ነው። ባንዲት ቀና ብሎ በውሃው የሚንቦጫረቁትን ልጆቹን ያያቸዋል። ከዚያ አብሯቸው ይገባል።

ይህ ለእኔ ከብዙ የወላጅነት መጽሐፍ ይበልጣል። ሁኔታው አልተለወጠም፤ እራቱ ተበላሽቷል። የተለወጠው የአባትየው ጥያቄ ነው። እስካሁን «መቼ ነው የምንሄደው?» ይል ነበር፤ አሁን «እዚህ ምን አለ?» አለ። ወላጆች፣ ይህንን ጥያቄ ያዙልኝ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ክሊኒክ በር ላይ ተራችሁ እስኪደርስ፣ ዝናብ እስኪያባራ ሱቅ ጥግ ስትጠለሉ። እዚህ ምን አለ?

ለመጠበቂያ ጊዜ የሚሆን ነገር እኛ ጋ ሞልቷል። «እንቆቅልሽ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ልጁ «ምን አውቅልህ» ይበል። ካላወቀው አገር ይስጣችሁ። የትኛውን አገር? ልጄ ጎንደርን ሲሰጥ ጎንደር የት እንዳለች እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፤ ሐረርን ሲሰጥ በውስጧ ምን እንዳለ እንቆጥራለን፤ ግንቡ፣ በሮቹ፣ ጅብ የሚመግቡት ሰዎች። ታክሲ ሲመጣ ግማሽ ኢትዮጵያን አስረክቦኛል። ለዚህ ጨዋታ ዳታ አያስፈልግም፣ ባትሪ አያልቅበትም፤ አያቶቻችን ምሽቱን ያሳለፉበት ነው። ከሚኒባሱ ወንበር ላይ ሆናችሁ ደግሞ ረዳቱ የሚጠራቸውን ሰፈሮች አብራችሁ አድምጡ፤ የ5 ዓመት ልጅ ከተማውን በድምፅ ማወቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ዝግጅት ነው፤ በተለይ አባቶች ስሙኝ። በአንደኛው ክፍል ባንዲት ልጆቹን ወደ ወንድሙ ቤት መዋኛ ገንዳ ይወስዳቸዋል። ቺሊ ባርኔጣውን፣ የፀሐይ ቅባቱን፣ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን፣ መክሰሱን ለመያዝ ስትል እሱ ያጣድፋል። ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ብሎ ባዶ እጁን ይወጣል። ገንዳው ላይ ሲደርሱ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ልጅቷ መንሳፈፊያ የላትም፣ ሆድ ይርባል። ደስታው ይጠፋል። እናት ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ ብቻ ቀኑ ይድናል። ፊልሙ ይህን የሚናገረው ማንንም ሳያዋርድ ነው፤ መልእክቱ ግን ጠንካራ ነው። ጨዋታውን የሚያስችለው አሰልቺ የሚመስለው ሥራ ነው። በእኛ ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ውሃ፣ ሶፍት፣ ቅያሪ ልብስ፣ ሹራብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ በፌስታል። ሁሉም «ደስ የሚል ቀን ነበር» ብሎ ሲመለስ ማንም አያነሳውም። በሚቀጥለው ጊዜ ቦርሳውን አባት ያዘጋጀው። የልጁን የጫማ ቁጥር፣ የሚያስለውን ነገር፣ የሚወደውን መክሰስ በዚያው ይማራል።

እዚህ ላይ ከአንድ ተረታችን ጋር እከራከራለሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ለራት ላይበቃ ይችላል፤ ለልጁ ግን ይበቃዋል። ብሉዪ ጥርሷ ወልቆ አምስት ዶላር ያገኘችበትና ገንዘቡን ይዛ ገበያ የምትወጣበት ክፍል አለ። ምን ልግዛ ብላ የምትጨነቀው ጭንቀት ከባድ ነው፤ ወላጆቿም ጭንቀቱን አይቀሟትም፤ እንድትመርጥ ይተዋታል። ጉሊት ስትወጡ ለልጃችሁ አንድ ሥራ ስጡት። ቲማቲሙን እሱ ይምረጥ፤ አንዱ የፈረጠ ቢሆን ምን አለበት? ብሩን እሱ ይክፈል፤ መልሱን እሱ ይቁጠር። ባለ ጉሊቷን «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ ጨዋታውን እሱ ይጀምር። አሥር ደቂቃ የነበረው ግብይት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ። ከዚያ የሚያድገው ልጅ ዋጋ መጠየቅ የማያፍር፣ ታላቅ ሰው ማናገር የማይፈራ ይሆናል።

ስለ ጨዋታ ደግሞ እናንሳ። ብሉዪና ቢንጎ የሚጫወቱት አብዛኛው ጨዋታ እኛ ዕቃ ዕቃ የምንለው ነው። መደብር ሄደው በዕቃ መግፊያ ጋሪ ላይ ተቀምጠው ጎረቤታሞች ይሆናሉ፤ ቤት ያቋቁማሉ፣ ዕቃ ያስገባሉ፣ ይቀናናሉ። ቤት ውስጥ ባንዲትና ቺሊ ታካሚ ሲባሉ ታካሚ፣ ፈረስ ሲባሉ ፈረስ ይሆናሉ። እኛ ስናድግ ዕቃ ዕቃ የልጆች ብቻ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ጨዋታው ይፈርሳል። ጨዋታው ሳይፈርስ ትልቅ ሰው ቢገባስ? በጣሳ የቀረበላችሁን የአፈር ወጥ አጣጥሙ። «ጨው አንሶታል» በሉ። ልጅቷ ጨው ልታመጣ ስትሮጥ ፊቷን እዩት።

«ሥራ ውዬ ደክሞኝ እገባለሁ፤ እንደ ባንዲት ፈረስ የምሆንበት ጉልበት ከየት ይምጣ?» የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ፊልሙም አይሸሸውም። ባንዲት ይደክመዋል፣ ያንጎራጉራል፣ አንዳንዴ ሊያመልጥ ይሞክራል። ሁለቱም ወላጆች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ድግስ አምሽተው በማግስቱ ሶፋ ላይ የተዘረሩበት ክፍል አለ። ልጆቹ ዓሣ ነባሪ ለማየት በባሕር ጉዞ ይወጣሉ፤ የተጋደመው አባት ጀልባው ነው፤ የተጋደመችው እናት ዓሣ ነባሪዋ። ዘዴው ይኸው ነው፤ ተጋድማችሁ የምትጫወቱትን ጨዋታ ፈልጉ። እናንተ በሽተኛ ሁኑ፤ እነሱ ሐኪም። እናንተ ተራራ ሁኑ፤ ይውጡባችሁ።

ከቺሊ ክፍሎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው የዝናቡን ነው፤ ከሞላ ጎደል ንግግር የለውም። ብሉዪ በደጃፉ መንገድ ላይ የሚወርደውን ጎርፍ በእጇ ልትገድብ ትታገላለች። እናት መጀመሪያ ወለሉ እንዳይጨቀይ ትከለክላለች፤ ታደርቃለች፤ ልጅቷ ደግሞ ትወጣለች። ቆይታ እናትም ወደ ዝናቡ ትወጣለች፤ ከልጇ ጋር ግድቡን ትሠራለች። የእኛ ክረምት ሦስት ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴን ልጆቻችን በመስኮት ብቻ እንዲያሳልፉት የሚያስገድድ ሕግ የለም። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ሲገቡ ትኩስ ሻይ ካለ ጎርፍ መገደብ ይቻላል።

በባዕድ አገር ለምታሳድጉም አንድ ነገር አለኝ። በሜልበርን ፉትስክሬይ ሠፈር የሐበሻ ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፤ እዚያ የሚያድጉት ልጆቻችን የብሉዪ አገር ልጆች ናቸው። ቤተሰቡ ካምፕ በሚወጣበት ክፍል ብሉዪ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገር ዣን ሉክ የሚባል ልጅ ታገኛለች። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ቢሆንም ጎጆ ይሠራሉ፣ ዘር ይተክላሉ፣ ወዳጅ ይሆናሉ፤ ዓመታት አልፈው ከዚያ ዛፍ ሥር ሲገናኙ እናያለን። ልጆቻችሁን ለእረፍት ወደ አያቶቻቸው ስታመጡ አማርኛቸው ጎደሎ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ። ከአጎታቸው ልጆች ጋር ወደ ውጭ ልቀቋቸው። ብይ፣ ሱዚ፣ ድብብቆሽ ይጫወቱ። አያቶቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ ወደ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ፣ ወደ ማሳ ሲወርዱ ይከተሏቸው። በዚያ መንገድ የተማሩት ቃል የልጆቻችሁ ሆኖ ይቀራል።

እኛም ለልጆች በመሥራት ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ቀርበው ተረት ነግረውናል፤ የእሳቸውን ሰዓት ጠብቀን ሰብሰብ ብለን የተቀመጥን ትውልዶች ነን። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ የፈጠሯት ቀጭኔዋ ጸሐይ ደግሞ ልክ እንደ ብሉዪ የ6 ዓመት ልጅ ናት፤ ብዙ ሕፃናት ስለ ንጽሕናና ስለ ፊደል የሰሙት በ«ጸሐይ መማር ትወዳለች» ነው። በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ አንድ ወጣት የአኒሜሽን ባለሙያ ስለ አንድ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ቤተሰብ ተራ ቅዳሜ ቢሠራልን ብዬ እመኛለሁ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ሆነው የሚወጡ ሁለት እህትማማቾች! ይህን የምታነቢ ወጣት ካለሽ፣ የምታነብ ወጣት ካለህ፣ ጀምሩት። ጆ ብረም መነሻ ያደረገው የራሱን ቤት ነው።

አሁን ወደ ተግባር። «ብሉዪ»ን ስልኩን ለልጅ ሰጥቶ ዞር ለማለት አትጠቀሙበት፤ ለዚያ ዓይነት አጠቃቀም የተሠራ አይደለም። አንድ ክፍል ብቻ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ በአማርኛ እያወራችሁለት እዩ፤ ታሪኩን ለልጅ ማስረዳቱ ራሱ ጨዋታ ነው። ሲያልቅ ዝጉትና «እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ማታ ከሆነ ቢንጎ ብቻዋን በአልጋዋ ለመተኛት የምትሞክርበትን ክፍል ምረጡ። በሕልሟ በፕላኔቶች መካከል ትንሳፈፋለች፤ የሚሰማው ዜማ ከእንግሊዛዊው አቀናባሪ ከጉስታቭ ሆልስት ሥራ የተወሰደ ነው፤ የእናትን ፍቅር በፀሐይ ሙቀት መስሎ ያሳያል። ብዙ ትልልቅ ሰዎች አልቅሰውበታል፤ እንባችሁ ቢመጣ አትደብቁት። ልጅ ወላጁ በሚያምር ነገር ሲነካ ማየት አለበት።

ከዚያ ውጡ። ገንዘብ ሲኖር እንጦጦ ፓርክ አለ፤ ባሕር ዛፉ መሐል መሄድ ብቻውን ይበቃል። ባንዲት አፈር ቆፍሮ ጥንታዊ ነገር የሚፈልግ ባለሙያ መሆኑ የገረመው ልጅ ካላችሁ፣ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይዛችሁት ሂዱ፤ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት ንገሩት። «ማን አገኛት? በምን ቆፈሩ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ገንዘብ ሳይኖር ደግሞ ሠፈራችሁ አለ። ጫማ ሰፊው ክሩን እንዴት እንደሚጎትት፣ ዳቦ ጋጋሪው ትሪውን እንዴት እንደሚያወጣ፣ ወፍጮው ሲጀምር መሬቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ቆማችሁ አሳዩት። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ልጁ የሚያነሳውን ጥያቄ መልሱ፤ መልሱን ካላወቃችሁት ጫማ ሰፊውን አብራችሁ ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ሁሉም ልጆቻችሁ አንድ ላይ መውጣት የለባቸውም። አንዷን ብቻ ይዛችሁ ስትወጡ ሌላ ልጅ ታገኛላችሁ፤ ቤት ውስጥ ታላቋ ስትናገር ዝም የምትለው ታናሽ መንገድ ላይ ወሬዋ አያልቅም። በተራ አድርጉት፤ ተራውም ይታወቅ፤ ተራዋ የደረሰ ልጅ ከዋዜማው ጀምሮ ጫማዋን አዘጋጅታ ትተኛለች።

የፊታችን ቅዳሜ የምትወጡበት አንድ ጉዳይ አይጠፋም። አሁኑኑ ምረጡት። ልጃችሁን ጥሩና «ቅዳሜ እኔና አንቺ አብረን ነን፤ ሥራ አለሽ» በሏት። ሥራዋ ምን እንደሆነ አሁን አትንገሯት፤ እስከዚያው ትገምት።